ብልህነትና ከሁኔታ ጋር መላመድ፦ ከወታደሩም ከከተሜውም የሚነሡ ጥያቄዎች

ጅማ ውስጥ ስለ ሰው አስተሳሰብ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ምልምሎች፣ ከሠራዊት የተሰናበቱ ጎልማሶች፣ የቡና ነጋዴዎችና የልጆቻቸው ውጤት ያስጨነቃቸው ወላጆች በየፊናቸው የሚጠይቁኝ ጉዳይ ዞሮ ዞሮ አንድ ነው፦ ብልህ የሚባለው ማን ነው፣ ሁኔታ ሲለወጥስ አብሮ መለወጥ የሚችለው ምን ያለው ሰው ነው? ደጋግመው የቀረቡልኝን ጥያቄዎች ከመልሶቻቸው ጋር እዚህ ሰብስቤአቸዋለሁ።

ብልህነትና የመላመድ ችሎታ አንድ ናቸው?

አንድ አይደሉም፤ ነገር ግን የሚለያያቸው መስመር ቀጭን ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያዎች የማሰብ ችሎታ ሲሉ በአብዛኛው ማመዛዘንን፣ አዲስ ነገር መማርንና ችግር መፍታትን ማለታቸው ሲሆን፣ የመላመድ ችሎታ የሚሉት ደግሞ ትናንት የሠራው መንገድ ዛሬ እንደማይሠራ ቶሎ ተረድቶ አካሄድን ማስተካከልን ነው። አማርኛችን ይህን ልዩነት ቀድሞ ያውቀዋል። ጮሌ የምንለው እጁም አፉም ፈጣን የሆነውን ነው፤ ብልጥ የምንለው ለራሱ የሚያዋጣውን የሚያውቀውን ነው፤ ብልህ የምንለው ግን ነገሩን ከግራ ከቀኝ አይቶ፣ ጊዜውን ጠብቆ፣ የሌላውንም ሰው ጉዳይ አስገብቶ የሚወስነውን ነው። ጮሌነት በፈተና ክፍል፣ ብልጥነት በገበያ ያዋጣ ይሆናል፤ ሁለቱም ያላቸው ሰዎች ሁኔታ ሲገለበጥ ደርቀው ሲቀሩ ግን አይቻለሁ።

ተቃራኒውን ተረታችን በአጭሩ አስቀምጦታል፦ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም»። ልብ ይበሉ፤ ሞኝ አያውቅም አላለም፣ አይለቅም ነው ያለው። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች አብዛኞቹ በዚህች «አይለቅም» በምትለው ቃል ዙሪያ የሚሽከረከሩ ናቸው።

የወታደሮችን የማሰብ ችሎታ መለካት መቼ ተጀመረ? ምንስ ተገኘበት?

የመጀመሪያው ተግባራዊ የማሰብ ችሎታ መለኪያ ለጦር ሠራዊት የተሠራ አልነበረም። ፈረንሳዊው አልፍሬድ ቢኔ ከባልደረባው ከቴዎዶር ሲሞን ጋር በ1905 እ.ኤ.አ. ያዘጋጀው ፈተና ዓላማው በትምህርት ወደ ኋላ የቀሩትንና ልዩ እገዛ የሚያስፈልጋቸውን የፓሪስ ሕፃናት ለይቶ ማወቅ ነበር። አሜሪካ በ1917 እ.ኤ.አ. ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ ግን በሮበርት ይርክስ የሚመራ ቡድን ሐሳቡን ወስዶ ለምልምሎች የሚሆን ሁለት ዓይነት ፈተና አዘጋጀ። አልፋ የተባለው ማንበብ ለሚችሉ፣ ቤታ የተባለው ደግሞ ማንበብ ለማይችሉና እንግሊዝኛ ለማያውቁ የሚሰጥ በሥዕል የተሠራ ፈተና ነበር። ጦርነቱ እስኪያበቃ ድረስ 1.7 ሚሊዮን የሚያህሉ ሰዎች ተፈተኑ፤ ከውጤቱ በመነሣትም የነጭ አሜሪካዊ ምልምል አማካይ የአእምሮ ዕድሜ የ13 ዓመት ልጅ ያህል ነው ተባለ።

አንድ ሠራዊት ሙሉ የ13 ዓመት ልጅ አእምሮ አለው የሚል ውጤት ሲገኝ መጠርጠር የነበረበት ፈተናው ነበር። አልፋ ውስጥ ስለ ሸቀጥ ስሞችና ስለ አሜሪካ የኳስ ጨዋታ የሚጠይቁ ጥያቄዎች ነበሩ። ቤታ ደግሞ መረብ የሌለው የቴኒስ ሜዳ እያሳየ «የጎደለውን ሙላ» ይል ነበር፤ ቴኒስ በዓይኑ አይቶ የማያውቅ የጣሊያን ገበሬ ልጅ መረቡን ከየት ያመጣል? እኔ ይህን ሳስተምር ሲኒዎች ተደርድረውበት ጀበና የሌለበት ረከቦት በሰሌዳው ላይ እሥላለሁ። ክፍሉ ሁሉ በአንድ ድምፅ «ጀበና!» ይላል። ያንኑ ሥዕል በ1917 ለኒውዮርክ ምልምል ብንሰጠው የእኛ ልጆች ሁሉ ሊቅ፣ እሱ ደግሞ ደካማ በተባለ ነበር።

እንዲህ ከሆነ ፈተና ዋጋ የለውም ማለት ነው?

ይህንንም አልልም፤ እንዲህ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ የቬትናምን ጦርነት እጠቅሳለሁ። የአሜሪካ የመከላከያ ሚኒስትር ሮበርት ማክናማራ ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመግቢያ ፈተና ዝቅተኛ ውጤት በማምጣታቸው ቀደም ሲል ይመለሱ የነበሩ ወጣቶች ወደ ሠራዊቱ እንዲገቡ የሚያደርግ ዕቅድ አወጡ። ከ300,000 በላይ ሰዎች በዚህ መንገድ ተመለመሉ። ዕቅዱ ሙያ ያስጨብጣቸዋል ተብሎ ነበር፤ ብዙዎቹ ግን ወደ እግረኛ ጦር ተመድበው ከሌሎች ወታደሮች ይልቅ በከፍተኛ መጠን ሞቱ። የአሜሪካ ሕግ ዛሬም በፈተናው ከመቶ አሥሩ ዝቅተኛ ውስጥ የወደቀን ሰው መመልመል ይከለክላል።

እንግዲህ ፈተና አንድ ሰው መመሪያን በምን ፍጥነት እንደሚረዳና አዲስ መሣሪያን በስንት ቀን እንደሚለምድ በጥቂቱም ቢሆን ይጠቁማል። ያስተማሩት ነገር ከአቅም በላይ ሲበላሽበት ምን እንደሚያደርግ ግን አይነግረንም፤ እኔ ፈተናን የማልንቀውም የማላመልከውም ለዚህ ነው።

ወታደር ትእዛዝ ፈጻሚ አይደለም? ብልህነት አለቃው ካለው አይበቃም?

ይህን የሚጠይቁት ብዙውን ጊዜ ያላገለገሉ ሰዎች ናቸው። ትእዛዝ የሚጻፈው ከውጊያው በፊት ነው፣ ብዙ ጊዜም ከውጊያው ቦታ ርቆ፤ የሚፈጸመው ደግሞ ጭስ፣ ጩኸትና የተቋረጠ መገናኛ ባለበት ነው። ከጀርመን ግዛቶች አንዷ የነበረችው የፕሩሲያ ኤታማዦር ሹም ሄልሙት ፎን ሞልትከ ማንኛውም የዘመቻ ዕቅድ ከጠላት ዋና ኃይል ጋር ከሚደረገው የመጀመሪያ ግጥሚያ አልፎ በእርግጠኝነት ሊዘልቅ እንደማይችል ጽፏል። ፕሩሲያዎች በ1806 እ.ኤ.አ. በናፖሊዮን ክፉኛ ከተሸነፉ በኋላ ቀስ በቀስ ያዳበሩት ልማድም ከዚህ ጋር የሚሄድ ነበር፤ የበታች አዛዡ ሊደረስበት የሚፈለገው ግብና ምክንያቱ ይነገረዋል፣ እንዴት እንደሚደርስበት ግን በአብዛኛው ለራሱ ይተውለታል።

ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ግን ደጃችን ያለው ነው። የካቲት 22 ቀን 1888 ዓ.ም. ማታ የጣሊያን ጦር አዛዥ ጄኔራል ባራቲየሪ ጦሩን በሦስት ረድፍ አስጉዞ፣ አራተኛውን በተጠባባቂነት አስከትሎ ወደ ዓድዋ ተንቀሳቀሰ። ዕቅዱ ሦስቱ ረድፎች ሲነጋ ጎን ለጎን ተደጋግፈው ከፍታዎቹን እንዲይዙ ነበር። በግራ በኩል የሚጓዘው አልበርቶኔ እንዲይዝ የታዘዘው ኮረብታ በእጃቸው ባለው ንድፍ ካርታ ላይ «ኪዳነ ምሕረት» ተብሎ ተጽፎ ነበር፤ ካርታው ግን ስሙን ያስቀመጠው በተሳሳተ ቦታ ነው። አልበርቶኔ ካርታው ወዳመለከተው ቦታ ሲደርስ መንገድ መሪዎቹ እውነተኛው ኪዳነ ምሕረት ገና ወደ ፊት እንደሆነ ነገሩት፤ እሱም ስሙን ተከትሎ ኪሎ ሜትሮች ገፋ። ከጓደኞቹ ተነጥሎ ያገኘው የኢትዮጵያን ዋና ጦር ነበር። በቀኝ በኩል የነበረው ዳቦርሚዳም እንዲሁ ወደ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ርቆ ሄደ፤ ረድፎቹ መደጋገፍ ሳይችሉ ተራ በተራ ተመቱ።

የአልበርቶኔን ስሕተት ልብ ብለን እንመልከተው። ካርታውን አላመነም፤ የአገሬውን ሰው ሰምቷል፤ በዚህ በኩል አስተዋይ ነበር ሊባል ይችላል። የያዘውና ያልለቀቀው የትእዛዙን ፊደል ነው። የትእዛዙ መንፈስ ከሌሎቹ ብርጌዶች ጎን መቆም ነበር፤ «ኪዳነ ምሕረት» የሚለው ስም ለዚያ መድረሻ ምልክት ብቻ ነበር። ብልህ ወታደር የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፦ ስሙና ዓላማው ሲጋጩ የትኛውን እንደሚለቅ ለመወሰን።

ከዓድዋ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ የሆነው የመቀሌው ከበባ ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምረናል። የጣሊያንን ምሽግ በፊት ለፊት ጥቃት ለመስበር የተደረገው ሙከራ ብዙ ሕይወት ከፈጀ በኋላ እቴጌ ጣይቱ ምሽጉ ውሃውን የሚያገኝበት ምንጭ እንዲያዝ መከሩ። ውሃው ተያዘ፤ በውስጡ የነበረው ጦርም ምሽጉን ለቆ ለመውጣት ተገደደ። ይህ ሐሳብ የመጣው ከጦር ትምህርት ቤት አይደለም። ትልቅ ቤት የምታስተዳድር ሴት ሁሉ ያለ ውሃ ስንት ቀን እንደሚዋል ታውቃለች። ባሻ አውአሎምም ለጣሊያን መረጃ አቀባይ መስለው የንጉሡ ጦር ስንቅ ፍለጋ ተበትኗል የሚል ወሬ ማድረሳቸው ይነገራል፤ ብልህነት በማዕረግ ልክ እንደማይከፋፈል እነዚህ ሁለት ታሪኮች ያሳያሉ።

ልምድ ያለው ሰው ለምንድን ነው በቀላል ነገር የሚሳሳተው?

ይህን ጥያቄ በቃል ከመመለስ በጀሪካን መመለስ ይቀለኛል። አብርሃም ሉቺንስ የተባለ ተመራማሪ በ1942 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን ሙከራ ጅማ ላሉ ሠልጣኞች ደጋግሜ አሠርቻለሁ። ሦስት ዕቃዎች አሉ፤ የመጀመሪያው 21፣ ሁለተኛው 127፣ ሦስተኛው 3 ሊትር ይይዛል። በትክክል 100 ሊትር መስፈር እንፈልጋለን። መልሱ 127ቱን ሞልቶ በ21ዱ አንድ ጊዜ፣ በ3ቱ ሁለት ጊዜ መቀነስ ነው። በዚሁ ዘዴ የሚፈቱ አራት አምስት ጥያቄዎች አከታትዬ እሰጣለሁ፤ ፊታቸው ይበራል፣ እጃቸው ይፈጥናል። ቀጥሎ 23፣ 49 እና 3 ሊትር የሚይዙ ዕቃዎች ሰጥቼ 20 ሊትር እንዲሰፍሩልኝ እጠይቃለሁ።

ብዙዎቹ 49ኙን ሞልተው፣ 23 ቀንሰው፣ ሦስት ቀንሰው፣ እንደገና ሦስት ቀንሰው 20 ያገኛሉ። ትክክል ነው። ግን 23ቱን ሞልቶ 3 መቀነስ ብቻ ይበቃ ነበር። አንድ ቀን ከኋላ የተቀመጠች፣ ዘግይታ በመግባቷ የመጀመሪያዎቹን ጥያቄዎች ያልሠራች ልጅ መልሱን በአፍታ ስትናገር ጎበዝ የተባሉት ሁሉ ዞረው አዩአት። ከእነሱ የምትበልጠው በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የምትለቀው ዘዴ አልነበራትም።

ሉቺንስ ከተፈታኞቹ አንዳንዶቹ ከወሳኙ ጥያቄ በፊት በወረቀታቸው ላይ «አትታወር» ብለው እንዲጽፉ ሲያደርግ አጭሩን መንገድ ያዩ ሰዎች ቁጥር ጨምሯል። ከዚህ የምወስደው ልምድ መጥፎ ነው የሚለውን አይደለም። ልምድ ባይኖር የመጀመሪያውንም ጥያቄ በፍጥነት መፍታት አይቻልም ነበር፤ ምልምል ጠመንጃ አፈታትን ጨለማ ውስጥ እስኪሠራው ድረስ የሚደጋግመውም ለዚህ ነው። ጣጣው እጃችን በራሱ ሲሠራ ዓይናችን ሥራ መፍታቱ ነው።

መላመድ የአእምሮ ብቻ ነው ወይስ የሰውነትም?

የሰውነትም ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ጅማ ተነሥቶ ጋምቤላ ቆላ የወረደ ወጣት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቢደክም ሰነፍ አይደለም። ሰውነት ሙቀትን ለመልመድ ከ10 እስከ 14 ቀን ያስፈልገዋል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የደሙ ፈሳሽ ይጨምራል፣ ላብ ቀደም ብሎ መውጣት ይጀምራል፣ በላቡ የሚወጣው ጨውም ይቀንሳል። ከቆላው ከተመለሰ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያንኑ መልሶ ያጣዋል። ሥራው ቀስ በቀስ እንዲጨመርለት ማድረግ የአለቃው ኃላፊነት ነው።

በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የተጓዘው ቃኘው ሻለቃ ያጋጠመው ደግሞ ተቃራኒው ነው። ከሞቀ አገር የወጡ ሰዎች በረዶ ውስጥ ምሽግ ቆፍረው፣ በማያውቁት ቋንቋ ከሚያዝ የአሜሪካ ክፍል ጋር ተሰልፈው፣ በሌሊት ቅኝት ስም አተረፉ። በተከታታይ ዙሮች ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ዘመቱ፤ ከ120 በላይ ወደቁ፤ አንድም ሰው አልተማረከም። ከመዝመታቸው በፊት ኮሪያን በሚመስል ተራራማ አገር ልምምድ አድርገው ነበር። ሰውነት እንዲለምድ ጊዜ ከተሰጠው አእምሮም ለማሰብ ፋታ ያገኛል።

ተራው ሰው በዕለት ኑሮው ይህ ችሎታ የት ይታይበታል?

በየመንገዱ ይታያል፤ እኔ ግን ቡና ማስጫ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። በሰቃ መንገድ ጀንፈል፣ ማለትም ልጣጩ ያልተነሣ ቡና፣ በማስጫ አልጋ ላይ የሚያሰጣ አንድ ቦታ አለ፤ የሚቆጣጠሩት ቀድሞ ሃምሳ አለቃ የነበሩ፣ ድምፃቸው ዛሬም ሰልፍ የሚያስተካክል ሰው ናቸው። ለቀን ሠራተኞቹ የሰጡት መመሪያ ግልጽ ነበር፦ ሸራው በዘጠኝ ሰዓት ይሸፈን። አንድ ቀን ሰባት ሰዓት አካባቢ ሰማዩ ከቦዬ በኩል ጠቆረ። ሃምሳ አለቃው ለጉዳይ ወደ ጅማው መርካቶ ሄደው ነበር። ከሠራተኞቹ አንዷ፣ እጇ ከፍሬው ልጣጭ የጠቆረ ወጣት፣ ነፋሱን አንድ ጊዜ በፊቷ ለክታ ሸራውን መሳብ ጀመረች። ሁለቱ ወንዶች «ገና ሰባት ሰዓት ነው» አሏት። እሷ ግን በስድስቱ አልጋ ላይ ሸራውን ዘርግታ በሰባተኛው ላይ እያለች ዝናቡ ወረደ፤ የቀሩት ሁለት አልጋዎች ረጠቡ።

ሃምሳ አለቃው ሲመለሱ ምን ይሉ ይሆን ብዬ ቆየሁ። መጀመሪያ የረጠቡትን አልጋዎች አዩ፤ ቀጥለው ወንዶቹን ሰዓት ጠየቋቸው። «ዘጠኝ ያልኩት ለሰዓቱ ብዬ ነው እንዴ? ለቡናው ብዬ እኮ ነው!» አሉ። የሞልትከን ሐሳብ ለማስረዳት የሚበቃ ዓረፍተ ነገር ነው።

በሌላ በኩል የከተማ ሥራም የራሱን አእምሮ ይቀርጻል። የለንደን ታክሲ ነጂዎች ፈቃድ ለማግኘት 25,000 የሚያህሉ መንገዶችን በቃል ማጥናት አለባቸው። በኢሌነር ማጓየር የተመራና በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ሂፖካምፐስ የተባለው፣ ቦታን ለማስታወስ የሚያገለግለው የአንጎል ክፍላቸው የኋለኛው ጎን ከሌሎች ሰዎች ሰፋ ብሎ አግኝቶታል። ከዚያ የቀጠለ ጥናት ያሳየው ግን ይበልጥ ይገርመኛል፦ ነጂዎቹ አዲስ ሠፈርን በደንብ ከሚያውቋት ለንደን ጋር አያይዘው እንዲያስቡ ሲጠየቁ ከሌሎች ሰዎች ይልቅ ተቸገሩ። እዚህ ጅማ የሄርማታ መንገድ ሲቆፈር በቀድሞው መንገድ እየሄደ ሦስት ጊዜ የሚመለስ አሮጌ የባጃጅ ነጂና ከፈረንጅ አራዳ ወዲህ ዞሮ የሚያልፍ የሁለት ወር ጀማሪ ባየሁ ቁጥር ይህ ጥናት ትዝ ይለኛል።

ዕድሜ ሲገፋ ብልህነት ይቀንሳል?

ግማሹ ይቀንሳል፣ ግማሹ ይጨምራል። ሬይመንድ ካቴል የማሰብ ችሎታን በሁለት ከፍሎታል። አንደኛው አይቶት የማያውቀውን ችግር በፍጥነት መፍታት ሲሆን ይህ ከወጣትነት በኋላ ቀስ እያለ ይቀንሳል፤ ሁለተኛው በትምህርትና በኑሮ የተከማቸው ዕውቀት ሲሆን ይህ እስከ እርጅና ደጃፍ ድረስ ሊያድግ ይችላል። በመሆኑም ወጣት መቶ አለቃና አሮጌ ሃምሳ አለቃ አብረው የሚመደቡበት ልማድ ያለ ምክንያት አይደለም።

በጭንቀት ጊዜ ብልህ የነበረ ሰው ለምን ይጠፋበታል?

ጥቂት መደናገጥ ያነቃል፣ የበዛው ያደነዝዛል። ልብ ሲመታና ፍርሃት ሲበረታ አእምሮ የሚያየው ነገር ይጠብበታል፤ አዲስ መንገድ ከመፈለግ ይልቅ የለመደውን ይይዛል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ እንቅልፍ ማጣት ነው። ለ17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው በትኩረትና በምላሽ ፍጥነት ደሙ ውስጥ 0.05 ከመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚቀራረብ በጥናት ታይቷል። ሌሊቱን ሙሉ ዘብ ቆሞ ያደረ ወታደር ጠዋት የሚሰጠው ውሳኔ፣ በሌሊት ከጅማ ወደ አዲስ አበባ ቡና ጭኖ የሚወርድ ሹፌር በግቤ ቁልቁለት የሚሰጠው ውሳኔ፣ ለፈተና ሳይተኛ ያደረ ተማሪም የሚሰጠው መልስ በዚሁ ሚዛን የሚታይ ነው። እንቅልፍ እንደ ስንቅ መታሰብ አለበት፤ እኛ ግን አለመተኛትን ጀግንነት አድርገን እናወራዋለን።

መላመድ ሁልጊዜ ጥሩ ነው? «እንደ ንጉሡ አጎንብሱ» ማለት አይሆንም?

ይህ ከሁሉ የምወደው ጥያቄ ነው፤ ያቀረበችልኝም የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። መላመድና ማጎንበስ ይለያያሉ። የሚላመድ ሰው ዓላማውን ይዞ መንገዱን ይለውጣል፤ የሚያጎነብስ ሰው መንገዱን ይዞ ዓላማውን ይለውጣል። የጅማው ንጉሥ አባ ጅፋር ዳግማዊ በ1870ዎቹ ዓ.ም. ለምኒልክ ግብር ለመክፈል ተስማምተው ግዛታቸውን ያለ ጦርነት በእጃቸው አቆዩ፤ የውስጥ አስተዳደራቸውና ንግዳቸውም በዘመናቸው ቀጠለ። ጎረቤታቸው የካፋው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በበኩላቸው ተዋግተው በ1897 እ.ኤ.አ. ተማረኩ። የትኛው ትክክል ነበር በሚለው ላይ ጅረን ኮረብታ ላይ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ሊያዩ የመጡ ሰዎች ሲከራከሩ ሰምቻለሁ፤ እኔ ለአባ ጅፋር ባደላም የካፋውን ንጉሥ ሞኝ ለማለት አልደፍርም። አንዳንድ ነገር የማይለቀቀው ሰው ሞኝ ስለሆነ ሳይሆን የማይለቀቅ ስለሆነ ነው።

ክፉ መላመድም አለ። በሠፈራችን የተደፈነ ቦይ በመጀመሪያው ሳምንት ያስጮኸናል፣ በሁለተኛው አፍንጫችንን እንይዛለን፣ በሦስተኛው ወር እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው የሚሸተን። ግፍና ጉቦም እንዲሁ ይለመዳሉ።

ይህ ችሎታ ይሠለጥናል? በምን ዘዴ?

ይሠለጥናል፤ በንግግር ግን አይደለም። የሚያዋጣው ልምምዱን ማለዋወጥ ነው፦ ሠልጣኙ አንድን ግዳጅ በሚገባ ከለመደ በኋላ መሪውን መቀየር፣ ሬዲዮውን መንጠቅ፣ መንገዱን መዝጋት። ቅደም ተከተሉ ግን ይጠበቅ፤ መሠረቱን ያልያዘን ሰው ማለዋወጥ ማደናገር ብቻ ነው። የሕክምና ትምህርትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ገና በትምህርት ላይ ሳሉ ወደ ማኅበረሰቡ የሚልክበት አሠራር የታወቀበት ነው፤ በመጽሐፍ ያነበበውን ሕመም የመብራት መቋረጥ ባለበት ጤና ጣቢያ ያገኘ ተማሪ መጽሐፉንም በሌላ ዓይን ያነበዋል።

ሁለተኛው ዘዴ ከሥራ በኋላ ቁጭ ብሎ መነጋገር ነው፤ ምን ልናደርግ አሰብን፣ ምን ሆነ፣ ለምን፣ ቀጥሎስ? የአሜሪካ ጦር ይህን ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ መደበኛ አድርጎታል። እኛ ዘንድ ግምገማ የሚለው ቃል አለ፤ ቃሉ ሲጠራ ግን ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ተነሥቶ መወቀስን ነው። ወቀሳ ባለበት ስሕተት ይደበቃል፣ የተደበቀ ስሕተትም አያስተምርም። ስለዚህ ቡና መሀል ላይ ተደርጎ፣ ከአለቃው የራስ ስሕተት የሚጀመር ውይይት ከየትኛውም ሥልጠና ይልቅ ሠርቶ አይቻለሁ።

ከሠራዊት የተሰናበተ ወንድሜ የከተማ ኑሮ አልሆነለትም። ብልህ ልጅ ነበር፤ ምን ነካው?

ብልህነቱ አልሄደም፤ ለሌላ ቦታ የተሠራ ነው። በር የሚታይበት ወንበር መርጦ መቀመጥ፣ ከጀርባ ሲነኩት መደንገጥ፣ ሰዓት ያሳለፈን ሰው አለማመን እዚያ ሕይወቱን ያተረፉ ልማዶች ናቸው። እዚህ ሻይ ቤት ውስጥ ሲያደርጋቸው ሰው ይስቃል ወይም ይፈራዋል። «ተወው፣ እርሳው» ከማለት ይልቅ አንድ በአንድ የሚለቅበትን ጊዜ መስጠት ይሻላል። ሥራ ሲፈለግለትም ትልቁ ችሎታው ጉልበት ነው ብሎ በዘበኝነት ብቻ መወሰን በደል ነው፤ ሰው ማደራጀት፣ ዕቃ መቁጠር፣ በጥቂት ነገር ብዙ መሥራት የሚችል ሰው ለቡና መጋዘንም ለትራንስፖርት ማኅበርም ያስፈልጋል።

እንቅልፍ የሚነሳው ቅዠት፣ ሰው መሸሽ፣ ቁጣ ወይም መጠጥ ከአንድ ወር በላይ ከቆየ ግን ጉዳዩ ከመላመድ አልፏልና ሐኪም ይየው። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። ብቻውን አይላኩት፤ የመጀመሪያውን ቀን አብረውት ሄደው ወረፋው ላይ አጠገቡ ይቀመጡ፣ በር የሚታይበትንም ወንበር ለእሱ ይተዉለት።